በመስታወት ቤት የበቀለ የጃቫ ሩዝ

ሴትየዋን በደንብ ያወቅኋቸው የወፍ ቀለብ ከሚሸጥበት ድንኳን ፊት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ያህል ጎረቤቴ ነበሩ። ዴን ሃግ ውስጥ፣ ትራንስቫል በሚባለው ሰፈር፣ እኔ ላይኛው ፎቅ እሳቸው ከእኔ በታች እንኖር ነበር። የሆላንድ ቤት ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ ስለሆነ ሁለት ሰው አያስተላልፍም። እኔ ስወርድ እሳቸው እየወጡ ከሆነ ወደ ኋላ እመለስላቸዋለሁ፤ እሳቸውም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አመስግነው ያልፋሉ። ቁመታቸው አጭር፣ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ጠቅልለው የሚያስሩ፣ በበጋም በክረምትም ሹራብ የማይለያቸው ሴት ነበሩ። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ጊዜው በፈረንጆቹ የሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው። በሱዳን በኩል ሆላንድ ገብቼ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አግኝቼ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የአትክልት አገር ቲማቲም ለቀማ ተቀጥሬ ነበር። እዚያ ገበሬው የሚያመርተው ከመስታወት በተሠራ ቤት ውስጥ ነው፤ ካስ ይሉታል። ማለዳ በአውቶቡስ ስሄድ አገሩ ሁሉ መስታወት ስለሆነ ከሩቅ ሲታይ ሐይቅ ይመስል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ገበያ ወጣሁ። የሰፈራችን ገበያ ትልቅ ነው፤ ቱርኩም ሱሪናሜውም ሆላንዱም ድንኳኑን ዘርግቶ ይጮኻል። ከወፍ ቀለብ ሻጩ ዘንድ ስደርስ ጎረቤቴን አየኋቸው። ክንዳቸውን እስከ ክርን ከአንድ ጆንያ ውስጥ ከተው ቆመዋል። ከዚያ አንዲት ፍሬ አውጥተው በጥርሳቸው ቆረጠሙ።

«ሜቭራው፣ እሱ እኮ ለወፍ ነው» አላቸው ሻጩ፤ ሜቭራው እመቤት ማለት ነው።

«ወፎቹ ዕድለኞች ናቸው» አሉት። ከዚያ ዞር ሲሉ አዩኝና «ነይ! ነይ እዪ!» ብለው እጄን ጎትተው ፍሬዎቹን መዳፌ ላይ አፈሰሱ። ገብስ የመሰለ፣ ቢጫ፣ ሻካራ ነገር ነው። «ይሄ ሩዝ ነው። ከነልብሱ ያለ ሩዝ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ አገር ራቁቱን ነው ያየሁት!»

ከልባቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አንድ ከረጢት ገዝተው ወደ ቤት አብረን ስንመለስ እጄን አተኩረው ተመለከቱት። የቲማቲም ቅጠል ጣትን አረንጓዴ አድርጎ ያቀልማል፤ በሳሙና ቢታጠቡት ቶሎ አይለቅም።

«ካስ ውስጥ ነው የምትሠሪው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አለቃሽን ለምኚልኝ። የጠረጴዛ ያህል ቦታ ይበቃኛል።»

የእሳቸው ሆላንድኛ ከእኔ ብዙም አይሻልም ነበር፤ ምናልባት ለዚህ ነው ቶሎ የተግባባነው። እውነቱን ለመናገር፣ የወፍ ቀለብ ይበቅላል ብዬ አላሰብኩም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ጠዋት ለሥራ ስወጣ ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። በእጃቸው እርጥብ ጨርቅ የተነጠፈበት ሳህን ይዘዋል፤ ጨርቁ ላይ ነጫጭ ጭራ ያወጡ ፍሬዎች ተደርድረዋል። «ነፍስ አለው» አሉኝ በሹክሹክታ፣ ሕፃን እንዳይነቃ የሚጠነቀቅ ሰው ይመስል።

አለቃዬን መጠየቅ ፈርቼ ነበር። ረጅም፣ ፊቱ ቀይ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። አባቱም አያቱም እዚያው መሬት ላይ አትክልተኞች ነበሩ። ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። «ሩዝ? እዚህ?» አለ። ከዚያ ሳቁን አቆመና «ምን ያህል ሙቀት ይፈልጋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ እንደሚፈቅድ ገባኝ፤ ጥያቄው የገበሬ ጥያቄ ነበር። ከማሞቂያው ክፍል ጀርባ ያለውን ጥግ ሰጠን፤ ሲሚንቶ የሚቦካባቸው ጥቋቁር ገንዳዎችም ጨመረልን።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሴትየዋ በአውቶቡስ መጡ። ከካፖርታቸው ሥር አበባ ያለበት ሽርጥ አገልድመው፣ ከሽርጡ ሥር የላስቲክ ቦቲ ተጫምተዋል። አለቃዬ የሰጠንን አፈር አንስተው አሸተቱና ፊታቸውን አጨማደዱ። ከካሱ ውጪ ካለው ቦይ ዳር ጥቁር ጭቃ በባልዲ አስወጥተውኝ፣ አፈሩን ከጭቃው ጋር በእግራቸው ረገጡት። «ኢቡ በይኝ» አሉኝ እየረገጡ። በአገራቸው እናቴ ማለት ነው። ለመጥራት ቀለለኝ፤ ትልቅ ሰው በስሙ ብቻ መጥራት እስከ ዛሬም ምላሴን ይከብደዋል። እሳቸውም በእነሱ ቋንቋ ለትልቅ ሰው የተለየ ቃል እንዳለ፣ ሆላንዶች ግን ሁሉንም አንድ ላይ እንደሚደባልቁት ነገሩኝ።

መንደራቸውን ያወቅሁት በእነዚያ ቅዳሜዎች ነው። ኢቡ ቤታቸው ውስጥ ስለ አገራቸው አያወሩም ነበር። እጃቸው ጭቃ ሲነካ ግን ወሬው ራሱ ይመጣል።

መንደሯ ጃቫ በምትባል ደሴት፣ ከሚያጨስ ተራራ ሥር ናት። ተራራው አልፎ አልፎ አመድ ይተፋል፤ ሰው ይሸሻል፤ ተመልሶ ሲመጣ አፈሩ ወፍሮ ይጠብቀዋል። የመንደሯ ስም ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «አዲስ ውሃ» ማለት ነው። የእኛ ዋና ከተማም «አዲስ አበባ» እንደምትባል ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው፤ «እንግዲያው ውሃው ከእኛ፣ አበባው ከእናንተ» አሉ። ቤቶቹ ከተጎነጎነ ቀርከሃ የተሠሩ ናቸው። አንድ ሰው ቤቱን ከዚህ ወደዚያ ማዛወር ሲፈልግ የመንደሩ ወንዶች ተሰብስበው ቤቱን ከነጣሪያው ተሸክመው ይሄዳሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ ምሳ ያበስላሉ።

«ይሄማ ደቦ ነው» አልኳቸው።

«ምንድን ነው ደቦ?»

አስረዳኋቸው። ለገብስ አጨዳ ጎረቤት ሁሉ እንደሚጠራ፣ ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው እንደሚታጨድ፣ ባለቤቱ ጠላና ንፍሮ እንደሚያቀርብ ነገርኳቸው። ከደብረ ብርሃን ማዶ ካለች የገብስ መንደር መምጣቴን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በሆላንድኛ ተናገርኩ። እስከዚያ ድረስ ከየት ነሽ ለሚለኝ ሁሉ ከአዲስ አበባ ነኝ እል ነበር፤ ሌላውን የሚያውቅልኝ ሰው አይኖርም ብዬ። ኢቡ ግን ስለ ከተማው አንድም ነገር አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ገብሳችን በስንት ወር እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚያርም፣ ጎተራችን ከምን እንደሚሠራ ነው። እየመለስኩ ሳለ ድምፄ ከፍ እያለ መምጣቱን ራሴ ሰማሁት።

የእሳቸው አባት የመንደሩ የውሃ ዳኛ ነበሩ። ምንጩ ከተራራው ወገብ ይነሳል፤ በቦይ ወርዶ ከላይኛው እርከን ወደ ታችኛው ይንቆረቆራል። በድርቅ ጊዜ ለማን መቼ እንደሚከፈት የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። የራሳቸው ማሳ ከሁሉም በታች ነበር፤ መንደሩም የመረጣቸው ለዚህ ነው። ውሃው እሳቸው ዘንድ ከደረሰ ለሁሉም ደርሷል ማለት ነው። በማሳው ውሃ ውስጥ ሩዙ ሳይደርስ ዓሣ ያረባሉ። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ደግሞ እረኛው ዳክዬዎቹን ይዞ ይመጣል።

«የዳክዬ እረኛ አለ?» አልኩ።

«ታዲያ ዳክዬ ራሷን ትጠብቃለች?» አሉኝ ተቆጥተው። ረጅም ቀርከሃ ጫፉ ላይ ጨርቅ አስሮ መሬት ላይ ይተክላል፤ ዳክዬዎቹም ከጨርቁ ርቀው አይሄዱም። ያን ቀን በሳቅ ሥራ ፈታን።

ችግኙ ሲደርስ ተከላ ሆነ። በአዲስ ውሃ ተከላ የሴት ሥራ ነው፤ ሴቶቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው እየተከሉ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ የተከሉትን እንዳይረግጡ። በእኛ ገንዳ ላይ ወደ ኋላ ለመሄድ የሚያስገድድ ነገር አልነበረም። ኢቡ ግን አጎንብሰው፣ ከገንዳ ወደ ገንዳ ወደ ኋላ እየተራመዱ ተከሉ፤ እኔንም አስተከሉኝ። ቀና ስል አለቃዬ በር ላይ ቆሞ ያየናል። ኢቡ ከኋላቸው ካለው ቧንቧ ጋር ሊጋጩ ሲሉ «አይዞዎት፣ ቧንቧ አለ» አላቸው።

ሩዙ አደገ። በበጋው መካከል ደረቴ ደረሰ፤ እንደዚያ ያለ አረንጓዴ አይቼ አላውቅም። የቲማቲም ለቃሚዎቹ ሁሉ በምሳ ሰዓት እየመጡ ይጎበኙት ነበር። ግን ዛላ አላወጣም። ሳምንት ጠበቅን፤ ሌላ ሳምንት ጠበቅን፤ ቅጠል ብቻ። አለቃዬ አንድ ቀን ራሱን እየነቀነቀ «ኢቡ፣ ይሄ ለላም ጥሩ ሣር ነው» አላቸው። እሱም ኢቡ ማለት ጀምሮ ነበር።

ኢቡ አልሳቁም። ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ከማዘን ይልቅ ስለ ሩዙ ያፈሩ ይመስሉ ነበር። እንዲህም አሉ፦ «የእኛ አገር ፀሐይ ሥርዓት ታውቃለች። ጠዋት በሰዓቷ መጥታ ማታ በሰዓቷ ትሄዳለች፤ ዓመቱን ሙሉ ቀኑና ሌሊቱ እኩል ነው። የእናንተዋ ግን በበጋ ቤቷን ትረሳለች። ምስኪኑ ሩዝ ገና ቀን ነው ብሎ ይጠብቃል።»

አለቃዬ ቆቡን አውልቆ ግንባሩን አከከ። «ክሪዛንተም» አለ ድንገት።

ክሪዛንተም አበባ ነው። በዚያ አገር የሚያመርቱት ገበሬዎች አበባው እንዲፈነዳ በበጋ ከቀኑ ይቆርጡለታል፤ ገና ሳይጨልም በጥቁር ሸራ ይሸፍኑታል፣ አበባውም መሸ ብሎ ይታለላል። አለቃዬ በዚያው ሰዓት ብስክሌቱን ይዞ ወደ ጎረቤቱ ሄደ፤ አሮጌ ጥቁር ሸራ አሸክሞ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ሥራ ስጨርስ ሸፍኜ እወጣለሁ፤ እሱ ጠዋት ይገልጠዋል። አንድም ቀን አልረሳም። የራሱን ቲማቲም ሳያይ መጀመሪያ ሩዙን እንደሚያይ ሚስቱ ነግራኛለች።

መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ካስ ስገባ አለቃዬ ከበሩ ጀምሮ ስሜን እየጠራ መጣ። ሮጥኩ። ከቅጠሎቹ መካከል ቀጫጭን ዛላዎች ብቅ ብለዋል፤ ዛላዎቹ ላይ ከሰሊጥ የማይበልጡ ነጫጭ አበቦች ተንጠልጥለዋል። ከቢሮው ስልክ ለኢቡ ደወልን። ስንነግራቸው ቀስ ብለው «ድምፅ አታሰሙ፤ ሩዟ ነፍሰ ጡር ናት» አሉን።

አጨዳው ጥቅምት ላይ ሆነ። በዚያ ቀን ኢቡ ከመቀነታቸው አንድ ትንሽ ነገር ፈተው አወጡ። የጣት ርዝመት ያላት ጠፍጣፋ እንጨት ናት፣ ጠርዟ ላይ ቀጭን ምላጭ የተሰካባት። እናታቸው የሰጧቸው የአጨዳ ምላጭ ነች። በማጭድ አይታጨድም አሉኝ፤ የሩዝ እናት የሚሏት የእህሉ መንፈስ ብረት ስታይ ትደነግጣለች። ምላጯ መዳፍ ውስጥ ተደብቃ ዛላው አንድ በአንድ ይቆረጣል። እኔ በሃይማኖቴ የሩዝ እናት አላውቅም፤ ግን እህል እንዳይደነግጥ መጠንቀቅ የሚያሳፍር ነገር ሆኖ አልታየኝም። እንዴት እንደሚያዝ አሳዩኝና እኔንም አስቆረጡኝ። ለአለቃዬም ሰጡት፤ ያ ግዙፍ እጅ ምላጯን ለመደበቅ በጣም ሰፊ ነበር።

የቀረው መፈተግ ነበር። ሮተርዳም ውስጥ የሚኖሩ፣ ወደብ ላይ የሚሠሩ አንድ ኤርትራዊ አዛውንት ከካርቱም ያመጡት የእንጨት ሙቀጫ ነበራቸው። አማርኛ አዲስ አበባ ተምረዋል፤ ታሪኩን ስነግራቸው «ይህንንማ ራሴ አመጣዋለሁ» ብለው ሙቀጫውን ከሁለት ዘነዘና ጋር በባቡር ይዘው እሑድ ጠዋት ከተፍ አሉ።

ያን እሑድ ኢቡ ልጃቸውንም ጠርተው ነበር። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ አምስተርዳም ኢንዲሸ ቡርት በሚባል ሰፈር የምትኖር፣ ቢሮ የምትሠራ፣ ጥሩ የምትለብስ ሴት። በሰፈሯ ጎዳናዎቹ ሁሉ የተሰየሙት በእናቷ አገር ደሴቶች ነው፤ እሷ የምትኖርበትም የጃቫ ጎዳና ይባላል። ኢቡ ግን ስለ ጃቫ ነግረዋት አያውቁም። ከመጥራታቸው በፊት ብዙ አመነቱ። «የአባቷ ወገኖች ከሆላንዶች ጋር የተቀላቀሉ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ» አሉኝ። «እኔ በቤታቸው ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ልጃቸው ሲያገባኝ ‹የመንደር ሴት› አሉኝ፤ ለእነሱ ስድብ ነው። ስለዚህ ቋንቋዬን ለልጄ አላወራኋትም። ለድስቶቹ ነበር የማወራው።»

ልጅቷ ስትደርስ እኛ ከቤቱ ጀርባ ባለችው ትንሽ ግቢ እየወቀጥን ነበር። ሁለት ሴት በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ ልምድ ይጠይቃል፤ አንዷ ስታነሳ ሌላዋ ትጥላለች፣ አለዚያ ዘነዘናው ይጋጫል። እኔ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ኢቡም ያውቁታል። አንዴም ሳንነጋገር ምቱ ገጠመ። የጎረቤት መስኮቶች አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ ማንም ግን ዝም በሉ አላለንም። ኢቡ ሹራባቸውን አውልቀው ጥለዋል። ክንዳቸው እንደዚያ ብርቱ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ልጅቷ በቢሮ ጫማዋ በሩ ላይ ቆመች። «ማማ፣ ምን እየሠራሽ ነው? ይሄን የት ነው የተማርሽው?» አለች። እናቷን አንቺ ነው የምትላት፤ እዚህ እንዳደጉ ልጆች ሁሉ።

ኢቡ ዘነዘናውን አላስቀመጡም። «መንደሬ» አሉ።

«የትኛው መንደር?»

«የእኔ መንደር። ነይ ያዢ።»

እኔ ዘነዘናዬን ለልጅቷ ሰጠኋት። መጀመሪያ ዘነዘናዎቹ ተጋጩ፤ ደጋግመው ተጋጩ። ከዚያ እናትየዋ በቋንቋቸው ምቱን መቁጠር ጀመሩ፤ ልጅቷ ትርጉሙን ባታውቀውም ምቱን ያዘች። እየወቀጡ ነገሯት። ስለ ተራራው፣ ስለሚሸከሙት ቤት፣ ስለ አያቷ የውሃ ዳኝነት፣ ስለ ዳክዬ እረኛው። እኔ በሰፌድ እያንገዋለልኩ ሰማሁ። የሚያውቁትን ታሪክ እንደገና መስማት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ለምን እስከዛሬ ዝም አልሽ?» አለች ልጅቷ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ብነግርሽ የምታሳፍር የወጥ ቤት ሴት ወሬ ይሆን ነበር» አሉ ኢቡ። «ዛሬ ግን ሩዙን ይዤልሽ መጥቻለሁ። ዘርቼ፣ ተክዬ፣ አጭጄ። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ አንቺም የገበሬ የልጅ ልጅ ነሽ። ስትቀመጪ ቀና ብለሽ ተቀመጪ።»

ሩዙ ሲበስል ለስድስታችን በጭልፋ በጭልፋ ነበር የደረሰን። አለቃዬና ሚስቱም ተጠርተው መጥተዋል። ኢቡ በእርድ ቢጫ አድርገው፣ ሾጣጣ አድርገው በትሪ አቀረቡት። ጫፉን ቆርጠው ለመጀመሪያው ሰው መስጠት የክብር ምልክት ነው። «መሬት የሰጠ ሰው ይቅደም» ብለው ለአለቃዬ ሰጡት። ያ ቁጥብ ሰው ቆሞ ተቀበላቸው። የሮተርዳሙ አዛውንት በአማርኛ መረቁ፤ እኔ ወደ ሆላንድኛ መለስኩት፤ ልጅቷም እናቷን «አሜን በጃቫ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ስለ ጣዕሙ ብዙ ማለት አልችልም፤ ትንሽ ደረቅ ነበር፣ ገለባም አልፎ አልፎ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ማንም ግን ፍሬ አላስተረፈም።

ከሁለት ዓመት በኋላ እናትና ልጅ ወደ አዲስ ውሃ ሄዱ። እኔ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሸኘኋቸው። ኢቡ ሐር የመሰለ ቀሚስ ለብሰው፣ ምንም ሻንጣ ሳይዙ፣ ከፊት ከፊት ይሄዱ ነበር፤ ሻንጣውን ሁሉ የምትገፋው ልጅቷ ናት። በጊዜያቸው አልተመለሱም። ቀኑ ሲያልፍ ልጅቷ ብቻዋን ተመለሰች፤ በፀሐይ ጠቁራ፣ ከስታ። ቀጥታ እኔ ዘንድ መጣች።

«ማማ እዚያው ቀረች» አለችኝ። «ታናሽ እህቷ ቤት፣ ከመንደሩ ጫፍ። ደህና ናት።»

ቤቴ ቁጭ ብላ ያየችውን ሁሉ ነገረችኝ። ብዙ ነገር ተለውጧል፤ የሚዘራው ሩዝ ቁመቱ አጭር፣ ብዙ የሚሰጥ ዘር ሆኗል፣ የሚፈተገውም በሞተር ነው። ኢቡ በዚህ አላዘኑም፤ በፊት የሚራቡት ልጆች ዛሬ ወፍራም ናቸው ብለው ተደስተዋል። በመጀመሪያው ጠዋት ልጅቷ ስትነቃ እናቷ አልጋው ላይ የሉም። ደንግጣ ፍለጋ ወጣች። ማሳ ውስጥ ቆመው አገኘቻቸው፤ ጭቃው ጉልበታቸው ድረስ ደርሷል፣ ከሚተክሉት ሴቶች ጋር በተከላው መስመር ላይ ይጨቃጨቃሉ። መስመራችሁ ጠማማ ነው ይሏቸዋል። ሴቶቹም ለሰላሳ ዓመት የጠፋች ሴት ዛሬ መጥታ መስመር ታስተምረናለች ወይ እያሉ ይመልሱላቸዋል፤ ሁሉም እየሳቁ ነው።

«አንዷ ወጣት ዞር ብላ ይህቺ አሮጊት ማን ናት ብላ ጠየቀች» አለችኝ ልጅቷ። «ማንም ሳይቀድመኝ እናቴ ናት አልኩ። ቃሉን በጃቫ ነው ያልኩት።»